አሥራ አንድ ቁጥሩ

ሥራዬ ኬርጊቨርነት ነው። እዚህ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኢስትሙር ሰፈር የሚኖር ጡረታ የወጣ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች እንድንከባከብ ተመድቤ ነበር። ሰውየው አሥራ ስድስት ዓመት በፕሮፌሽናል ደረጃ ተጫውቷል፤ ካፒቴን ሆኖ ሁለት ጊዜ ዋንጫ አንስቷል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሚስቱ ናት። እሱማ ጨዋታ ላይ ከደረሰበት ምት ብዛት ጭንቅላቱ ተጎድቶ፣ የገዛ ስሙን እንኳ ፎርጌት ያደርጋል።

አንድ ቀን ሚስቱ ምናልባት ቢያነቃው ብላ ድሮ የተጫወተውን ጨዋታ ቴሌቪዥን ላይ ከፈተችለትና ምሳ ልትሠራ ገባች። እኔ ስለ ሆኪ የማውቀው ነገር የለም፤ እንዲያው አጠገቡ ተቀመጥኩ። የሱ ፊት ግን በራ።

«አሥራ አንድ ቁጥሩን እዪው! እንዴት ያለ ልጅ ነው!» አለኝ።

አሥራ አንድ ቁጥሩ ራሱ ነው። አሥራ አንድ ቁጥር ማሊያው ከራስጌያችን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ልንገረው ወይስ ልተወው? ጨነቀኝ።

«አዎ፣ ጎበዝ ነው» አልኩት።

ልጁ ጎል አገባ። ወዲያው አንድ ግዙፍ ተጫዋች መጥቶ ከሜዳው ግድግዳ ጋር አላተመው። ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ እየተንገዳገደ ተነሣና ሄልሜቱን አስተካክሎ ተመልሶ ገባ። ሕዝቡ በጩኸት አበደ።

ለጎሉ ሲያጨበጭብ የነበረው ሽማግሌ ግን አቆመ። እጁን ዘርግቶ እጄን ጥርቅም አድርጎ ያዘኝ።

«እባክሽ ሮጠሽ ሂጂና አስወጪው» አለኝ። «ጭንቅላቱን እኮ ነው የተመታው! ይህ ልጅ ሰው የለውም እንዴ?»