በቦዩ ዳር ማን ይቅደም

የልጄ ብስክሌት ጋራዡ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ትናንት ከወንዝ ዳር ሲመለስ ዝናብ አግኝቶት ነበርና የጎማው ጥርስ መሃል እርጥብ ጠጠር ተሰክቷል። እኔ ደግሞ የቆሸሸ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ጠጠሩን በአሮጌ ሹካ አንድ በአንድ እየፈነቀልኩ ሳወጣ ሽታው አፍንጫዬ ገባ፤ የረጠበ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ የበሰበሰ ቅጠል። ያ ሽታ ከምኖርበት ከኮለምበስ አንስቶ ኢጣልያ፣ ሜዳው ላይ፣ ቦይ ዳር አስቀመጠኝ።

ልጄ በመጪው ሰመር ከጓደኞቹ ጋር እዚያ ሄዶ በወንዞቹና በቦዮቹ ዳር ያሉትን የጠጠር መንገዶች ሊነዳ ነው። ማታ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ያሳየኛል። «ማም፣ ዩ ሊቭድ ሂር? ፎር ሪል?» ይላል። አዎ፣ ኖሬበታለሁ። መንገዱንም ከስልኩ በላይ አውቀዋለሁ፤ እንዴት እንዳወቅሁት ግን ነግሬው አላውቅም። እስቲ አስቀድሜ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ አንድ ሽማግሌ መጠበቅ ነው። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የመስኖ ውሃ ጠባቂ ነበሩ፤ የቦዮቹን የብረት በሮች በሰዓቱ የሚከፍቱና የሚዘጉ። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ዞረው በሮቹን ካላዩ ቁርስ አይወርድላቸውም። ሚስታቸው ሞታለች። ከተማ የምታስተምርና እሁድ እሁድ የምትመጣ አንዲት ልጅ አለቻቸው። ስትቀጥረኝ የነገረችኝ ነገር አንድ ነው። «ብቻቸውን እንዳይሄዱ። መንገድ የጠፋባቸው ቀን ንገሪኝ። ከዚያ ብስክሌቱ ያበቃል፣ መጦሪያ ቤት ይገባሉ።» ክፉ ሆና አይደለም። አባቷን ቦይ ውስጥ ሞተው እንዳታገኛቸው ፈርታ ነው።

ችግሩ እኔ ብስክሌት አልችልም። እኛ ሰፈር ብስክሌት የወንዶች ነበር፤ ሴት ልጅ ስትነዳ ከታየች ወሬው ቀድሟት ቤት ይገባል። ስለዚህ ጠባቂዋን ተጠባቂው አስተማሯት። ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ኮርቻውን ከኋላ ይዘው እያለከለኩ «ጎማውን አትዪ! የምትሄጂበትን እዪ!» ይሉኛል። ሁለቴ ሸምበቆ ውስጥ ገብቻለሁ። ቋንቋቸውን ገና አልለመድኩም፤ ደግነቱ ፍሬኑም ከመነዳሪውም እኛ አገር በዚያው በጣልያንኛ ስማቸው ይጠራሉና ስለ ብስክሌት እንግባባ ነበር። «አባባ» እላቸው ጀመር። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ የደስታ ጊዜ ነበር። በግራችን ወንዙ፣ በቀኛችን የሩዝ ማሳው፣ መሃል ላይ ከፍ ብሎ የተደለደለው ነጭ የጠጠር መንገድ። ጠጠሩ ከጎማችን ሥር ይንኮሻኮሻል። እንቁራሪቶቹ ስንደርስ ዝም ይሉና ካለፍን በኋላ ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ። ሽማግሌው እያንዳንዱ የቦይ በር ጋ ሲደርሱ ይወርዳሉ፤ ብረቱን በመዳፋቸው ነካ አድርገው «ደህና ነው» ይላሉ። ከዚያ እንቀጥላለን። እኔ ሁልጊዜ ከኋላቸው ነኝ። ታላቅ አይቀደምም፤ ያደግሁት እንዲህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ አዲስ ነገር አመጡ። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ስንደርስ ይቆማሉ። ባርኔጣቸውን አንሳ አድርገው «ቅደሚ» ይሉኛል።

«ኧረ አይደረግም! እርስዎ ይቅደሙ።»

«ቅደሚ፣ ልጄ።»

«በሞቴ»ን በእነሱ ቋንቋ ስለማላውቅ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን እሰብራለሁ። መቼም ይህ ግብግብ እኛ ዘንድ የታወቀ ነው። «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» ሲባል በር ላይ ወጡ ይቀዘቅዛል። እዚህ እንኳ ከቸርች ስንወጣ እትዬዎቹና ጋሼዎቹ በሩን ዘግተው ሲለማመኑ ልጆቻቸው ከኋላ «ጀስት ጎ!» ይላሉ። እኔም ሽማግሌው የእኛን ጨዋነት የለመዱልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። በዚህ ጨዋታ ደግሞ ጎበዝ ነበርኩ፤ አንድም ቀን አላሸነፉኝም። በመጨረሻ ተንፍሰው ሁለቱን መንገዶች ለረጅም ጊዜ ያያሉ፤ ከዚያ አንዱን ይይዛሉ። አንዳንድ ቀን እጅግ አርፍደን ቤት እንደርስ ነበር። መንሸራሸሩ ጥሟቸው ነው ብዬ ዝም።

አንድ ጠዋት ጭጋግ ወረደ። የዚያ አገር ጭጋግ ከወረደ የራስን መሪ እንኳ ማየት ያስቸግራል። መከፈያው ላይ ቆሙ፤ «ቅደሚ» አሉ። እኔም የተለመደውን መለስኩ። ቀኙን ያዙ። ቤታችን በግራ ነበር። አውቄዋለሁ፤ ግን ታላቅ ሰው «ተሳስተዋል» ይባላል እንዴ? «ዝም አይነቅዝም» ተብዬ ነው ያደግሁት። ተከተልኩ። ብዙ ሄድን። ጠጠሩ አልቆ ጭቃ ሆነ፣ የውሃው ድምፅ ጠፋ፣ በመጨረሻም የታረሰ ማሳ መሃል ቆምን።

ወርደው መሪውን ይዘው ቀሩ። ዞረው ሲያዩኝ ፊታቸው የልጅ ፊት ሆኗል፤ ገበያ ውስጥ እናቱ እንደጠፋችበት ልጅ።

«ቅደሚ ስልሽ» አሉ በጣም ቀስ ብለው፤ «ቅደሚ ስልሽ ለምንድነው የማትቀድሚው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። መንገዱ ከጠፋባቸው ሰንብቷል። «አላውቀውም» ማለት ደግሞ ብስክሌቱን መስጠት ነው። እሳቸው ያን ሁሉ ቀን እርዳታ ሲለምኑኝ እኔ ሞኟ በጨዋነት አሸንፋቸው ነበር። ዝምታዬም ነቀዘ። እዚያው ማሳው ላይ አለቀስኩ፤ የተጽናናሁት በእሳቸው ነው። ዛሬ እዚሁ ኮለምበስ አጠገብ፣ ቤክስሊ ውስጥ አንዲት አሮጊት እጠብቃለሁ። ሴትዮዋ «ጎ አሄድ» ካለችኝ ሳላንገራግር እቀድማለሁ፤ ትሕትና የሌለኝ ሳይመስላት አይቀርም።

የጎማችንን ፈለግ እያየሁ ከፊት ሆኜ ቤት አደረስኳቸው። እሁድ ልጃቸው መጥታ «እንዴት ሰነበቱ?» አለችኝ። ሽማግሌው ሳህናቸው ላይ አቀርቅረዋል። «ደህና ናቸው» አልኳት። ዋሸሁ። ከዚያ ብርዱን ሙሉ ከፊት ነዳሁ፤ በጭጋግ እንዳልጠፋባቸው ቀይ ሹራብ ለብሼ። እሳቸው ከኋላዬ ያፏጫሉ። ፉጨቱ ካለ፣ አሉ ማለት ነው። መንገዱን ሁሉ፣ እያንዳንዱን በርና ድልድይ፣ ያወቅሁት በእነዚያ ወራት ነው።

ማሳዎቹ ውሃ መሙላት በጀመሩበት ሰሞን ግን አንድ ጠዋት ፉጨቱ ተቋረጠ። ዞር ብል ማንም የለም። ወደ ኋላ በረርኩ። ቦዩ ሞልቶ ይፈስሳል። ውሃው ላይ ባርኔጣ እንዳላይ እየጸለይኩ፣ ባርኔጣውን እየፈለግሁ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ተመለስኩ። ሦስተኛው በር ጋ አገኘኋቸው። ብስክሌቱ ቦዩ ጠርዝ ላይ ግማሹ ውሃ ውስጥ ወድቋል፤ እሳቸው እስከ ወገባቸው ርሰው የበሩን መዘውር ለማዞር ይታገላሉ። በሩ ከተቆለፈ ብዙ ዘመን አልፎታል።

«ውሃው ዘግይቷል» አሉኝ፤ «ገበሬዎቹ ይጠብቃሉ።»

እጃቸው በረዶ ሆኖ ነበር። ይዤያቸው በእግር ተመለስን። ማታ ልጃቸው ጋ የደወልኩት እኔ ነኝ። የጭጋጉን ቀን፣ ውሸቴን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሽማግሌው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«የብስክሌቱን ካቴና ዘይት ቀቢው» ብቻ አሉኝ። «ውሃ ነክቶታል፣ ይዝጋል።»

ቀባሁት። ለማን እንደምቀባው ባላውቅም ቀባሁት። ልጃቸው ስትመጣ አልተቆጣችኝም፤ አቅፋኝ አለቀሰች። በሳምንቱ መጦሪያ ቤት ገቡ። እኔም ሥራዬ አበቃ፤ ወደዚህ የመምጣቴ ነገር ሲሳካ ልሰናበታቸው ሄድኩ።

ቤቱ የሳሙና ሽታ አለው፣ ወለሉ ያብለጨልጫል። አላወቁኝም። እንደ ክብር እንግዳ ጨበጡኝና ክፍላቸውን ሊያሳዩኝ ተነሱ። ኮሪደሩ ለሁለት የሚከፈልበት ስንደርስ ቆሙ። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ። ከዚያ ራሳቸው ላይ የሌለውን ባርኔጣ አንሳ አድርገው «ቅደሚ» አሉኝ።

ክፍሉ የት እንደሆነ አላውቅም፤ ቤቱን ያየሁት ገና ያን ቀን ነው። ቢሆንም ቀደምኩ። ግራውን ያዝኩ። ከኋላዬ ቀስ ብለው ማፏጨት ጀመሩ። ዞርን፣ ዞርን፣ መልሰን የተነሳንበት በር ላይ ወጣን። ምን እንደምላቸው ጨንቆኝ ፊቴን ሳዞር እሳቸው የበሩን ብረት በመዳፋቸው ነካ አደረጉት።

«ደህና ነው» አሉ። «ደርሰናል።»