«በሞቴ» ያላልኩበት ቀን

አርባን ከተሻገርኩ ወዲህ ሆዴ በርበሬ አልቀበል አለ። ልጃገረድ ሳለሁ ቃሪያ እንደ ቆሎ እቆረጥም የነበርኩት ሴት፣ አንድ ጉርሻ ቀይ ወጥ ከቀመስኩ ደረቴ ሥር ይነድ ጀመር። ጥፋቱን በጣልያን አላክክ ነበር። ባሌ ጫካ ከገባ ጀምሮ ሐሳቡ ነው ጨጓራዬን የላጠው እል ነበር። ሳይሆንም አይቀር።

ታዲያ ጥቅምት ገብቶ ጓሮው ሲሞላ ለራሴ አንድ መላ አገኘሁ። ጎመኑን ለጋ ለጋውን እቀነጥሳለሁ፤ ከማሳው ጫፍ የባቄላ እሸት ለቅሜ እፈለፍላለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ በነጭ ሽንኩርት አበስልና ተልባ ቆልቼ፣ ወቅጬ ጣል አደርግበታለሁ። በርበሬ የለ፣ ቅቤ የለ። ከገብስ ቂጣ ጋር ሁለት ሳምንት እንደበላሁት ሆዴ ዝም አለ። እንቅልፌ ተመለሰ፤ ፊቴ እንኳ ወዛ። መድኃኒቱ ከጓሮዬ በቅሎ ሳለ ነበር ለካ ያን ያህል ስቃጠል የከረምኩት!

ግን ተደብቄ ነበር የምበላው። ይህን ሳልናገር ሌላውን ባወራ ዋጋ የለውም። ጎመን በእኛ አገር ጎተራው የተራቆተ ሰው ክረምት የሚሻገርበት ነው። እኔ ደግሞ ሉማሜ አካባቢ በድግሴ የምታወቅ፣ ቅቤው ከደጅ የሚሸት ቤት ያለኝ፣ እንግዳ ሲመጣ የምንጎራደድ ሴት ነበርኩ። ጎመኑን ስጥድ በሩን ገርበብ አደርጋለሁ። ጎረቤት ስትጣራ ድስቱን ወደ ጓዳ፣ ሰፌድ ደፍቼበት! ለጤናዬ ነው ብል ማን ያምነኛል? ደኸየች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የሰው ቤት እየተቃጠለ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነበር፤ እንግዲህ ፍረዱ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የልጄ አማት ከደጄ ቆመው አየሁ። ልጄን ሮብ ገበያ በኩል ነው የዳርኳት፤ አማቷ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ኩሩ ሴት ናቸው፤ እርስዎ እርስዎ ተባብለን ነው የምንኖር። ነጠላቸው በጥላሸት ጠቁሯል። ሰላምታውን እንኳ አላስቀደሙም።

«ልጅዎ ደህና ናት» አሉኝ። «ከሰው ክፉውን ሰምተው እንዳይደነግጡ ብዬ ነው የመጣሁ። ጣልያን ቤታችንን አቃጠለው፤ ጎተራውንም። እኛ ወንድሜ ዘንድ ተጠግተናል።»

መሬት ሳምኩ። አለቀስኩ። እጃቸውን ይዤ አስገባሁና መደቡ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ የዚያን ጊዜ ነው ድስቱ ትዝ ያለኝ። እሳቱ ላይ ይንተከተካል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ቤቱን ሞልቶታል። እሳቸው ድስቱን አዩት፣ ቶሎም ዓይናቸውን መለሱ።

«የጽጌን ጾም ይዣለሁ፤ ስለ እኔ እንዳይቸገሩ» አሉ። «ከቤት የተገኘው ይበቃኛል።»

መውጫውን ሰጡኝ እኮ! የጾም ምግብ እንደሆነ አውቀው፣ እንዳላፍር ብለው። አንስቼ ማቅረብ ብቻ ነበር የቀረኝ። ለልጅ አማት ጎመን! ደም ፊቴ ላይ ወጣ።

«ወይ ጉዴ፣ ዛሬ ምንም አልሠራሁም» አልኩ። «ይቺ ለታመመች ጥጃ የቀቀልኳት ቅጠል ናት።»

ለጥጃ! በነጭ ሽንኩርት! ምላሴን ምነው በቆረጠው።

«ትንሽ ቢቆዩ ምስር እጥድ ነበር» አልኩ ደግሞ።

«የመንገድ ጓዶቼ ይጠብቁኛል። በልቻለሁ፤ አይድከሙ» አሉ።

እንግዳ በልቻለሁ ማለቱ ወግ ነው። ባለቤቷ «በሞቴ» ትላለች፤ እንግዳው ይግደረደራል፤ እንደገና «በሞቴ» ይባላል፤ ከዚያ ይበላል። በሞቴ ያልተባለበት ግብዣ ግብዣ አይደለም። እኔ በሠርጉ በተዝካሩ ጠግቦ የሚያቃስተውን ሰው ሁሉ በሞቴ እያልኩ ሳስጨንቅ የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን ዝም አልኩ። እሳቸውም ጠበቁ። አዎ፣ ጠበቁ፤ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ውኃ ለመኑኝና አንድ ቅል ሙሉ ጠጥተው ተነሡ።

ባዶ እጃቸውን አልሰደድኳቸውም፤ የባሰውም እሱ ነው። ለልጄ ብዬ ስልቻ ሙሉ ገብስ አሸከምኳቸው። ዳገቱን ዞረው እስኪሰወሩ ቆሜ ሸኘሁና ገብቼ ጎመኔን በላሁ። ሁለት ቂጣ ነው የበላሁበት።

ኅዳር ላይ የመንገዱ ስጋት ጋብ ሲል ልጄን ላያት ሽቅብ ወጣሁ። በአማቷ ወንድም ጓሮ በጭራሮ በተሠራች ጎጆ ውስጥ አገኘኋት። አማቷ ውኃ ወርደው ነበር። አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና፦

«እማ፣ ምን ብታበያቸው ነው?» ብላ ሳቀች። «'እናትሽ የሽምብራ አሳ ሠርተው፣ እምቢ ብል በሞቴ እያሉ፣ መነሣት እስኪያቅተኝ አበሉኝ' ብለውኛል። ሲደርሱ ደጃፍ ላይ ተዝለፈለፉብኝ እኮ! የመንገድ ድካም ነው አሉ። ከቤቱ ቃጠሎ በኋላ ለሁለት ቀን ድርሻቸውን ለእኔ እየሰጡ እሳቸው እህል አልቀመሱም ነበር። እንኳን አንቺ ዘንድ ደረሱልኝ።»

«ገብሱስ?» አልኩ።

«ቋጠሮው አንቺ እንዳሰርሽው ነበር። የአደራ ነው፣ የአንቺ ነው ብለው ሰጡኝ።»

ልንገራት ፈለግሁ፤ «አልበሉም፣ ውሸታቸውን ነው» ልላት። ልጄ በእናቷ ኮርታ ታየኛለች። አፈር ልብላ፣ ምስጋናውን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

አማቷ ገቡ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ፤ ቂም የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ ፈልጌ አጣሁ። ወዲያው ገበታ አቀረቡ፤ የገብስ ቂጣ፣ በላዩ ጎመን። ተልባ የለው፣ ጨው የለው፣ ውኃ ብቻ ያበሰለው።

«ወይኔ፣ እማ የሽምብራ አሳ የለመደች ጎመን ትበላለች?» አለች ልጄ እየሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም። ጎመኑን በቂጣው ጠቀለሉና ወደ አፌ አስጠጉት።

«ነጭ ሽንኩርት አላገኘሁለትም» አሉኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «በሞቴ ይብሉ።»

አፌን ከፈትኩ። ይቅር ይበሉኝ ማለት ነበረብኝ፤ ልጄ እያየችኝ እንዴት ብዬ? ጉርሻውን እያላመጥኩ እንባዬ ወረደ። እሳቸው ሁለተኛውን ጠቅልለው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ እስክውጥ ይጠብቁኝ ነበር።