የዓሣ ዘንቢሉ

አንድ ሰውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከናይሮቢው ጊኮምባ ገበያ በሚነሳው የማታቱ ታክሲ ይሳፈራል። ጫማው ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ከረባቱን ጥብቅ አድርጎ አስሯል። ጭኑ ላይ ግን ደረቅ ዓሣ የሞላ ዘንቢል ያቅፋል። ሽታው ሰው አያስጠጋም።

«ጋሼ፣ ዓሣ እንዲህ እንደ ሕፃን ይታቀፋል እንዴ?» ይለዋል ረዳቱ ሙቱኩ።

የሰውየው ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቶ ዛሬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መኪናው ሲያንገጫግጨን ከዓሣው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ካሜራ ብቅ አለ። ቶሎ ብሎ ሸፈነው።

«የፊተኛውን ከትከሻዬ ላይ መነተፉኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን የናይሮቢ ሌባ አጠገቤ ዝር አይልም።»

«ሥራውስ እንዴት ነው?»

«ሠርግ ነው የማነሳው፤ ይመስገነው። ሙሽሮቹ ብቻ ፎቶው ላይ አፍንጫቸውን ያኮማትራሉ።»