ማቀዝቀዣው ይቅደም

የደም ባንካችንን ስልክ የሚያነሱት ጋሼ ጆሮ ናቸው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም አልተቀየሙኝም። ዓይናቸው በጎረምሳነታቸው ጠፍቷል። ድምፅ ግን አንዴ ከሰሙ አይረሱም፤ የደወለችው ነርስ ገና "ሄሎ" ስትላቸው የየትኛው ሆስፒታል እንደሆነች ያውቃሉ። እኔ ደሙን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ለሾፌር አስረክባለሁ። አብረን አርጅተናል ማለት ይቻላል።

ታዲያ አዲስ ፕሮግራም መጣና ሰላም ነሳን። ማውዝ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ መልሱን በጽሑፍ ይዘረግፋል። ጽሑፉን ኮምፒውተሩ ለጋሼ በጆሮ ማዳመጫ ያነብላቸዋል። እሳቸው የሚፈልጉት የደሙን ዓይነት፣ ስንት ከረጢት እንዳለና በየትኛው ማቀዝቀዣ እንደተቀመጠ ነው። ፕሮግራሙ ግን የተቀዳበትን ቀን፣ የቀዳውን ባለሙያ፣ የመዘገበውን ሰው፣ ምን የማይለው አለ! እኛ በዓይናችን ዘለን የምናልፈውን እሳቸው ቃል በቃል ይሰሙታል። በስልኩ ማዶ ያለችው ነርስ "ኧረ ጋሼ፣ ቶሎ በሉ!" ትላለች።

ኃላፊያችን ጠሩኝና "ወደ ሌላ ክፍል ላዛውራቸው ነው፤ በሽተኛ እየደማ አይጠብቅም" አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እውነታቸውን ነው። ጋሼ የሚዛወሩበት ክፍል ግን ስልክ የለውም፤ ያለ ስልኩ ደግሞ እሳቸው ምን ይሆናሉ? ፕሮግራሙን ወደ ሠራችው ልጅ ዘንድ ለጠብ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። እሷ ግን "ውይ፣ እኔ እኮ የሚሰማው ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም" ብላ ተከተለችኝ።

በማግስቱ ምርጫ ጨመረችበት፤ ከትእዛዙ ኋላ የተፈለገው ዓምድ ስም ከተጻፈ ያንኑ ብቻ ያወጣል። እንዲያምር ብላ ዓምዶቹን በሰረዝ አጥራቸው ነበር። ጋሼ አዳመጡና "ልጄ፣ 'ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ' ይለኛል፤ አጥር ልቁጠር እንዴ?" አሉ። በሳቅ ፈነዳን። ልጅቷ ግን ስክሪኑን አጥፍታ፣ ማዳመጫውን አድርጋ እስከ ምሳ ተቀመጠች። ከዚያ አጥሩን አፈረሰችው።

"የቱ ይቅደም?" አለቻቸው።

"ማቀዝቀዣው ይቅደም። እኔ ቀሪውን እስክሰማ ይቺ እግሯን ታንሳ" አሉ፣ እኔን ማለታቸው ነው።

ከአንድ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ሲደወል ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጋሼ ጻፍ ጻፍ አደረጉና "ሁለተኛው!" ሲሉ ሮጥኩ፤ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያስነሳ ደረስኩበት። ኃላፊያችን የዝውውሩን ነገር ደግመው አላነሱም፣ እግዜር ይስጣቸው።

ጋሼ የልጅቷን እጅ ያዙ። "ሰው ሁሉ ደግ ነው፣ ሲያነብልኝ ኖሯል። ግን የመሰለውን ነው የሚያነብልኝ። 'ምን መስማት ትፈልጋለህ?' ያለኝ የለም። አንቺ ጠየቅሽኝ፤ ተባረኪ።"

ሰሞኑን ደግሞ ባለቤታቸው መሥሪያ ቤታችን ድረስ መጥተው ልጅቷን አገላብጠው ሳሟት። ለጋሼ ማታ ማታ ጋዜጣ የሚያነቡላቸው እሳቸው ናቸው።

"ትናንት 'ዛሬ ከስፖርቱ ጀምሪልኝ' አለኝ" አሉን፣ እንባቸውን እየጠረጉ። "ስንት ዘመን አብሬው ስኖር ኳስ እንደሚወድ አላውቅም ነበር።"