አስራ አምስት ደቂቃ ቀድሞ

አየነው የሚንቃቸውን ሰዎች ቁጠር ቢባል ቀኑ ይመሽበታል። ሜራን በምትባል የፈረንጅ ከተማ ውስጥ የአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ኮንሲየርዥ ነው። ደረጃ ይወለውላል፣ የተቃጠለ አምፖል ይቀይራል፣ ክረምት ሲገባ በረዶ ይዝቃል፤ ከሁሉም በላይ ግን ምድር ቤት ያለውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራ የሚያወጣው እሱ ነው። ተራው ያለቀበት ተከራይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ልብሱን ካላነሳ፣ አየነው ማሽኑን ይከፍትና እርጥቡን ካልሲ በፌስታል ጠቅልሎ የሰውየው በር ላይ ያንጠለጥለዋል። "ሰዓት የማያውቅ ሕዝብ!" ይላል በአማርኛ፣ የሚሰማው ይኑር አይኑር ሳይገደው። የሁለተኛ ፎቁን ሰውዬ ከውሻው ጋር ስለሚያወራ ይንቀዋል። የአምስተኛ ፎቋን ሴትዮ ለአራት ፎቅ ሊፍት ስለምትጠብቅ። እዚያ ማዶ ትልቁ ምርምር ጣቢያ የሚሠራውን የዘጠነኛ ፎቁን ሊቅ ደግሞ የፖስታ ሳጥኑን ቁልፍ በዓመት ሦስት ጊዜ ስለሚጥል።

ወገኑን ግን ከሁሉም አብልጦ ይንቃል። ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር አዳራሽ ተከራይተው እሑድ እሑድ የሚያመልኩ አርባ የማይሞሉ ሐበሾች አሉ፤ አየነው የጉባኤው ፕሮግራም መሪ ነው። አምልኮው የሚጀምረው አምስት ሰዓት ላይ ነው። አየነው የሚያስነግረው ግን አራት ሰዓት ብሎ ነው፤ ሐበሻ አምስት ከተባለ ስድስት ላይ ጸጉሩን እየነካካ ይገባል ባይ ነው። ለሠርግና ለልደት ሲሆን ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስቀድማል። ይህን የማያውቅ የለም። እህት ተናኘወርቅ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ጠጋ ብላ "ወንድም አየነው በነገረህ ላይ አንድ ሰዓት ጨምርበት" ትላለች። ስለዚህ ሕዝቡ እንደለመደው አርፍዶ ይመጣል፣ አየነውም በባዶ ወንበሮች መሃል ቆሞ የገባውን ሁሉ ያገላምጣል። ይህ ዓመል ቆይቶ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። "ባቡሬ በሦስት ሰዓት ነው" ካለ በአራት ነው። ትክክለኛውን ሰዓት ለሰው መንገር፣ ለእሱ፣ የቤት ቁልፍ ለሌባ እንደ መስጠት ነው።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ አለችው። ሲፈን አስራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ከውቢት ጋር ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ትኖራለች። ባልና ሚስቱ ከተለያዩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅቷ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የበረዶ ሆኪ ትጫወታለች፤ ያውም ከወንዶች ጋር፣ ያውም በረኛ ሆና። አየነው ይህን የሰማ ቀን የሳቀው ሳቅ የአባት ሳቅ አልነበረም። "ፍራሽ ለብሳ ጥቁር ጎማ ትጠብቃለች አሉ" ብሎ ለጉባኤው ሁሉ አወራ። በረዶ ለእሱ የሚዛቅ ነገር ነው፤ ወዶ በላዩ ላይ የሚንሸራተት ሰው ጤነኛ አይመስለውም። በየዓመቱ "አባቢ፣ ና እየኝ" ትለዋለች። በየዓመቱ "ሥራ አለብኝ" ይላታል። ሥራውም የሌላ ሰው ካልሲ ማንጠልጠል ነው።

በመጋቢት አንድ ሰኞ ማታ ደወለች።

"አባቢ፣ ዛምስታግ ማች አለኝ። ቅዳሜ። የመጨረሻዬ ነው።"

"ተውሽው እንዴ?" አላት፤ ደስ ሊለው ምንም አልቀረው።

"ናይን፣ አልተውኩም! ከዚህ ቡድን ጋር ነው የመጨረሻ። ከዛ በኋላ ወደ ሴቶች እሄዳለሁ። ጠዋት አራት ሰዓት ነው። በነሱ ዜን ኡር። ከኦርሊኮን ባስ አለ።"

"እስቲ አያለሁ።"

"አባቢ፣ ስድስት ዓመት ጠየቅኩህ። አሁን ካልመጣህ ጉት፣ ይሁን። ሁለተኛ አልጠይቅህም።"

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ጮኻ ቢሆን ኖሮ እናቷን ሰድቦ ይገላገል ነበር። እንዲህ ረጋ ብላ ስትናገር ግን አየነው ልቡ ስንጥቅ አለ። ከዚህች ልጅ ሌላ ደውሎ "አባቢ" የሚለው ሰው በዚህ አገር የለም።

"እመጣለሁ" አለ። "በሰዓቱ እገኛለሁ። እኔን ታውቂኛለሽ።"

ከዚያ በኋላ ዕቅድ አወጣ። ዕቅድ ማውጣት የሚችለው እሱ ብቻ እንደሆነ ያምናል። ያለፈውን ወር የማጠቢያ ተራ ወረቀት ገልብጦ፣ በማስመሪያ መስመር አሰምሮ፣ ከሜራን በትራም እስከ ኮርናቫን ጣቢያ፣ ከኮርናቫን በባቡር እስከ ዙሪክ፣ ከዙሪክ በከተማው ባቡር እስከ ኦርሊኮን፣ ከኦርሊኮን በአውቶቡስ እስከ በረዶ አዳራሹ ብሎ ደረደረ። ማክሰኞ ከሥራ ሲወጣ ኮርናቫን ሄዶ ከትራሙ ማቆሚያ እስከ ባቡሩ ያለውን መንገድ በእግሩ ለካ፤ አራት ደቂቃ። ሻንጣ የሚጎትቱ ፈዛዞች መንገድ ቢዘጉበት ስድስት። ስድስት ብሎ ጻፈ።

ቲኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ያለው ጎልማሳ ጥያቄውን ሰምቶ፣ "ጨዋታው አራት ሰዓት ከሆነ ሙሲዩ፣ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም መነሳት አለብዎት" አለው።

አየነው ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየው። የዋህ ፈረንጅ! የተባለውን ሰዓት እንዳለ የሚያምን ሰው ሲያይ ያዝንለታል። አራት ሰዓት ያለችው ማን ናት? ሲፈን። ሲፈንን ያሳደገቻት ማን ናት? ውቢት። ያችው ውቢት አምና ለልጅቷ ልደት ስምንት ሰዓት ብላ ጠርታው፣ ከፊኛና ካልተቆረጠ ኬክ ጋር ብቻውን ሲፋጠጥ ቆይቶ እንግዳ መግባት የጀመረው አስር ሰዓት ላይ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ! አሁንም ያው ነው። አራት ካሉት ስድስት ነው። እሱን፣ አየነውን፣ እንደ ማንም አርፋጅ ቆጥረው ሰዓት ሊያስቀድሙበት! ደሙ ፈላ። ለሐበሻ ውሸት ብሎ ገና ሳይነጋ አይነሳም፣ ሁለት ሰዓት ሙሉም በረዶ ቤት ውስጥ አይንዘፈዘፍም።

"ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳውን ስጠኝ" አለ። ከተጻፈበት ባቡር ውጪ የማያገለግለውን የቅናሽ ቲኬት ገዛ፤ ደርሶ መልስ፣ መመለሻው ዘጠኝ ሰዓት ላይ። አዳራሹ የሚደርሰው ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው፤ አስራ አምስት ደቂቃ ቀድሞ። አስራ አምስት ደቂቃ የምትለዋን ሁለት ጊዜ አሰመረባት።

ረቡዕ ከጸሎት በኋላ የጉባኤው ጸሐፊ፣ ወጣቷ በእምነት፣ ወረቀቱን አይታ ደነቃት። "ጋሼ አየነው፣ ምን አደከመዎት? የቡድኑን ስም ይንገሩኝና የጨዋታውን ሰዓት አሁኑኑ ከስልኬ ላወጣልዎት።"

አየነው የቡድኑን ስም አያውቀውም። ስድስት ዓመት ሙሉ አልጠየቀም።

"ስልክ ላይ ያለ ሁሉ እውነት ነው እንዴ?" ብሎ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ለሲፈን ደውሎ ቢጠይቅ ይቆረጥለት ነበር። ያን ያህል ግን አይወርድም፤ ሰዓት ጠያቂ ሌላው ነው፣ እሱ ተናጋሪ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ሁሉም ነገር እንደ ዕቅዱ ሄደ። ትራሙም ባቡሩም ደቂቃ አላዛነፉም፣ አየነውም እሱ ያዘዛቸው ይመስል ደረቱን ነፋ። በመስኮቱ በኩል ያለው ሐይቅ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበርና የሚናቅ እንጂ የሚታይ አልነበረም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ወጣት የተቀቀለ እንቁላል በላ፤ ናቀው። መንገድ ላይ የገቡ ሁለት አሮጊቶች የእግር ጉዞ ዱላቸውን ይዘው ሲስቁ ቆዩ፤ እነሱንም ናቀ። አራት ሰዓት ሲሆን ሰዓቱን አይቶ ፈገግ አለ። "አሁን ውቢት ብትሆን ገና ፊቷን አልታጠበችም።"

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ በረዶ አዳራሹ በር ቆመ። በአንድ እግሩ ገብቶ ወረቀቱን አወጣና በሌባ ጣቱ እያንዳንዱን መስመር ነካ ነካ አደረገ። አንድም ስህተት የለበትም።

ውስጡ ካሰበው በላይ ይበርዳል። ሜዳው ላይ ጨዋታ እየተካሄደ ነው። ቀድመው የገቡት ናቸው አለ፤ ተራቸው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያበቁ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቆጣሪ አየ፤ አስራ ስምንት ደቂቃ ይላል፣ ወደ ታች ይቆጥራል። "እነዚህም ያረፍዳሉ ማለት ነው" ብሎ ከንፈሩን አጣመመ። ከላይ ጥግ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለብርዱ ሰጠና የቋጠረውን ዳቦ ፈታ። ታች ያሉት ወላጆች ደወል እየደወሉ ይጮኻሉ። ዕድሜ ጠገብ ሰዎች፣ የከብት ደወል ይዘው! በዳቦው ውስጥ ሆኖ ናቃቸው።

ወደ እሱ ቀረብ ያለው ጎል ውስጥ የቆመው በረኛ፣ ፊቱ በብረት መረብ የተሸፈነ፣ እግሩ እንደ በር የሰፋ፣ አንዴ ይወድቃል አንዴ ይነሳል። በጨዋታው መሃል ፊሽካ ሲነፋ በረኛው ዱላውን ብድግ አድርጎ ወደ ላይ፣ ወደ አየነው በኩል አወዛወዘ። አየነው ዞሮ ኋላውን አየ፤ ማንም የለም። "ለራሱ ነው የሚያጨበጭበው፣ ደንቆሮ" አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። የመመለሻውን አውቶቡስ በቀይ እያሰመረ ሳለ ታች ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ብድግ ብሎ ጮኸ። ቀና ሲል በረኛው በሆዱ ተዘርግቶ ጎማውን በጓንቱ ይዞታል፤ ጓደኞቹ ላዩ ላይ ተከምረዋል። አየነው ምን እንደሆነ አላየም። እነዚህ ከሄዱ የሲፈን ተራ ይደርሳል።

መለከቱ ተነፋ። ልጆቹ ተሰለፉ፣ ተጨባበጡ። በረኛው ጭንብሉን ወደ ላይ ገፋና አወለቀ። የተጎነጎነ ጸጉር ትከሻው ላይ ዘፍ አለ። ሲፈን ነበረች።

አየነው ክው አለ። ዳቦው እጁ ላይ ቀረ። ሜዳው ዳር ካለው የመስታወት ክፍል ወፍራም ኮፍያ ያደረገች ሴት ወጣች፤ ሰዓት ቆጣሪውን የያዘችው እሷ ኖራለች። ተራ ገብተው ሰዓቱን የሚቆጣጠሩት ወላጆች ናቸው፣ የዛሬው ተራ የዚህችው የውቢት ነው። ደቂቃ ከሰከንድ ሳታዛንፍ አስጀምራ፣ ሳታዛንፍ ጨርሳለች።

ሲፈን ታጥባ፣ ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ተሸክማ፣ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ መጣች። "መጣህ! ሳይህ ዱላዬን አነሳሁልህ። የመጨረሻውን ያዝኩት፣ አየኸው? መቼ ደረስክ?"

"አስራ አምስት ደቂቃ ቀድሜ" አለ አየነው። ሌላ የሚያውቀው መልስ አልነበረም።

ሲፈን ግንባሯን ቋጠረች። "ከምን?"

ልጅቷ ፊቱን አየችው፣ ወረቀቱን አየችው፣ በቀይ የተሰመረውን አውቶቡስ አየችው። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችና፣ "እሺ" አለች ቀስ ብላ። "ቡድኑ አሁን ምሳ አለው፣ ሁሉም ከወላጆቹ ጋር ነው የሚቀመጠው። ባቡርህ ስንት ሰዓት ነው?"

እዚህ ላይ አየነው ዘጠኝ ማለት ይገባው ነበር። ቲኬቱ ላይ ዘጠኝ ተብሎ ተጽፏል። ምሳውን በልቶ፣ ስለዚያች የመጨረሻ ጎማ ደጋግማ ስታወራለት ሰምቶ በሰላም ይደርስ ነበር። የአፉ ልማድ ግን ቀደመው።

"ስምንት ሰዓት" አለ።

ሲፈን የተነገራትን ሰዓት እንዳለ የምታምን ልጅ ናት። ስልኳን አየት አድርጋ ደነገጠች። "ኣይ! እንግዲያ አሁኑኑ መውጣት አለብህ፣ አውቶቡሱ በሦስት ደቂቃ ይመጣል!" ክንዱን ይዛ በበሩ አስወጣችው። አየነው "አይደለም፣ ተሳስቻለሁ፣ ዘጠኝ ነው" ሊል ምላሱን ሁለት ጊዜ አነሳ። ዋሽቼሻለሁ ከማለት ግን መሄድ ቀለለው። አውቶቡሱ በደቂቃው መጣ።

"የሚቀጥለው ጨዋታሽ መቼ ነው?" አላት፣ አንድ እግሩ ውስጥ አንድ እግሩ ውጪ።

"ማሚ ትነግርሃለች" አለች ሲፈን፣ እጇን አወዛውዛ ወደ ምሳዋ ሮጠች።

አየነው ዙሪክ ዋናው ጣቢያ ላይ ባቡሩ ከሚነሳበት ፊት ለፊት አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጠ። ሰዎች እየተሯሯጡ ሲያልፉ አንዱንም አልናቀም። ወረቀቱን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ሁሉም በሰዓቱ ሆኗል።