ሰባራና ራይት

ይቺን ታሪክ መጀመሪያ የነገረኝ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፤ የታላቅ እህቴ ባል። ሰውየው ውሸት አይችልም። ለመዋሸት የሚሆን ጭንቅላት የለውም፤ እህቴም ያገባችው ለዚሁ ነው። እኔ ደግሞ ወሬ እንዲሁ አልውጥም። ሄጄ አዳራሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ አናጢውንም አስቀምጬ ጠይቄዋለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ከቆጠሩት ብዙዎቹ ነገር ሲጠፋባቸው እኔ ጋ ነው የሚመጡት። ይሄን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው።

አናጢው ሚሊ ይባላል። ስሙ አይደለም፤ ሰፈሩ ያወጣለት ነው። በር ሊገጥም መጥቶ አንዲት ሚሊሜትር ከተረፈችው፣ "ይቺ ሚሊ እንቅልፍ አትሰጠኝም" ብሎ በሩን ያወርደዋል፣ ይልገዋል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ለኔ አልጋ ሠርቶልኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ተኝቼበት አንድ ቀን ሲጥ ብሎ አያውቅም። ሚስቴ ግን ይላል ትላለች። የሚለው የኔ ጉልበት ነው እንጂ አልጋው አይደለም። ለማንኛውም ወሬያችን ስለ አልጋ አይደለም።

ሚሊ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። ሙያውን ያስተማሩት አንድ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ፤ ምልክቱንም ያወረሱት እሳቸው ናቸው። እንጨት ሲመጣለት በጣቱ አንጓ ያንኳኳዋል። ጤነኛው "ጠቅ" ይላል። ውስጡን ምስጥ የጨረሰው "ድፍ" ይላል፤ ላዩ አምሮ ውስጡ ባዶ የሆነ ሰው ሰላምታ እንደሚሰጣችሁ ማለት ነው። ድፍ ካለ ጠመኔውን ያወጣና አንድ አጭር ጭረት ወደ ታች፣ አንድ ረጅም ጭረት ወደ ላይ ይስባል። የተሰበረ የወፍ ክንፍ ይመስላል። "ሰባራ" ይለዋል። ሰባራ ያረፈበት እንጨት ከማገዶ በቀር ለምንም አይሆንም። ይቺን ምልክት ያዙልኝ።

ሚሊ ሚስቱ የሞተችበት፣ አንዲት ልጅ ብቻ ያለችው ሰው ነው። ልጅቱ እዚያው ትምህርት ቤት ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፤ የሙዚቃ ክበቡ ዘፋኝ፣ የበጎ ፈቃድ ኮሚቴው ጸሐፊ። ጎበዝ ናት። አባቷንም ትወዳለች። ግን አንድ ቀን፣ "አባዬ፣ በር ላይ አትጠብቀኝ፤ ሰጋቱራህ ዩኒፎርሜ ላይ ይይዛል" አለችው። ከዚያ ወዲህ ከመንገዱ ማዶ፣ ከመብራት ምሰሶው ሥር ሆኖ ነው የሚጠብቃት። ወርክሾፑንም ረግጣ አታውቅም። እሱም ነይ አይላትም፣ ሂጂ አይላትም።

የሙዚቃ ክበቡ ስድሳ ሁለት ልጅ ሆነና የአዳራሹ መድረክ ጠበበ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ባለ ሦስት ደረጃ መድረክ በእንጨት ይሠራ አለ። እንጨቱ ከፈረሰ መጋዘን በነጻ ተገኘ፤ ሚሊም እጄን በነጻ እሰጣለሁ አለ። ሳምንት ሙሉ አዳራሹ ውስጥ ሠራ። ልጁ ከጓደኞቿ ጋር ስታልፍ፣ "እንደምን ዋሉ" ብላ ታልፋለች። "ዋሉ"! ለገዛ አባቷ! የእህቴ ባል ይሄን ሲነግረኝ ዓይኑን ወደ ሌላ ቦታ አዞረ።

እንጨቱን አንድ በአንድ አንኳኳ። አራት ወፋፍራም ሞራሌዎች፣ ቀለም የተቀቡ፣ ሲያዩዋቸው የሚያማምሩ፣ ድፍ አሉ። ሰባራ አደረገባቸውና ከግድግዳው አስደገፋቸው። የጎንና የጎኑን ሠርቶ ጨረሰ። የቀረው መሃሉን የሚሸከሙትን ሞራሌዎች ማስገባት ብቻ ነበር። በዚያው ማታ ትኩሳት ጣለው።

ይሄኔ ነው ነገር የሚመጣው፤ ነገር ሁልጊዜ የሚመጣው ሰው ሲተኛ ነው። የክበቡን ዝግጅት ሊያይ የተጠራው እንግዳ ቀኑን በሦስት ቀን አሳጠረው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ኮሚቴው ተሯሯጠ። ተማሪዎቹ መዶሻ ያዙ። "የቱ እንጨት ነው መሃል የሚገባው?" ተባለ። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ ኋላ ትሰማላችሁ፣ ግድግዳው ጋ የቆሙትን አራቱን አየና፣ "እነዚህ ናቸው ጥሩዎቹ፤ ራይት ተደርጎባቸዋል" አለ።

ራይት! ትምህርት ቤት ውስጥ ያቺ ምልክት ልክ ነው ማለት ነዋ። ደብተራቸው ላይ በቀይ ሲያዩዋት ደስ የሚላቸው ያቺው ናት። አራቱን ሰባራ ተሸክመው መሃል አስገቧቸው። በሚስማርም ጠረቋቸው።

በዝግጅቱ ቀን ከሰዓት፣ ሚሊ ትኩሳቱ ለቀቅ ቢያደርገው ኮቱን ደርቦ መጣ። ወላጆች ሞልተዋል። ከኋላ ቆመ። መድረኩ ፊት ለፊቱን በሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኗል። ልጆቹ በሰልፍ ወጡ። ዳርና ዳር ያሉት ሲረግጡ "ጠቅ፣ ጠቅ" አለ። መሃል ያሉት ሲረግጡ "ድፍ" አለ።

አዳራሹ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል። ያን ድፍ የሰማው እሱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ትኩሳቱ ነው ብሎ ራሱን ጠረጠረ። ቀስ እያለ በግድግዳው ታክኮ ወደ ፊት ሄደ። በጎን በር የገባ ንፋስ ጨርቁን ገለብ አደረገው። ከውስጥ፣ በጨለማው ውስጥ፣ የገዛ ጠመኔው ነጭ ሆኖ ታየው። አንድ ሰባራ። ጨርቁ ተመለሰ። ደግሞ ገለብ አለ። ሁለት። ቀና ሲል ልጁ መሃሉ ላይ ቆማለች፣ ከሁለተኛው ደረጃ፣ ልክ በሰባራው አናት ላይ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ናት፤ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ጎንበስ ብሎ፣ "እህቴ፣ ልጆቹን አስወርጂልኝ" አላት።

"ውይ ጋሼ፣ ተሻለዎት?" አለች በሹክሹክታ። "እንግዳው እኮ ተቀምጠዋል። ምን ሆኑ?"

"መሃሉ አይችልም።"

"እንዴት አይችልም! እርስዎ ራይት ያደረጉባቸውን አይደል እንዴ ያስገባነው?"

"ራይት ምንድነው?"

በጣቷ አየር ላይ ሣለችለት። አጭር ወደ ታች፣ ረጅም ወደ ላይ።

"ሰባራ ነው እሱ" አላት። እሷ አልገባትም፤ ትኩሳቱ መስሏት፣ "ይቀመጡ ጋሼ፣ ውሃ ላስመጣልዎት" አለች። መጮህ አሰበ። ከጮኸ ስድሳ ሁለት ልጅ በአንዴ ይሮጣል፤ ከሮጡ ደግሞ አለቀ። ወደ ጎን በር ሄዶ የእህቴን ባል ክንዱን ያዘው።

"ሦስተኛው ዘፈን እግር የሚመቱበት ነው፤ ልጄ ቤት ስታጠናው ሰምቻለሁ" አለው። "ሳይጀምሩት ለሙዚቃ መምህሩ ንገረው። ከዳር ጀምሮ፣ ቀስ ብለው፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ይውረዱ።"

"አንተስ?"

"እኔ ከሥር... ከሥር ሥራ አለብኝ" ብሎ፣ ቃሉ ራሱ ተደነቃቅፎበት፣ ጨርቁን ገልጦ ገባ።

ከሥር ጨለማ ነው። አቧራ ከላይ ይወርዳል። አራቱም ሞራሌዎች ጎብጠዋል፤ አንደኛው ግን፣ ልጁ የቆመችበት፣ አፉን ከፍቷል። ማቆሚያ እንጨት ፈለገ፤ የለም። ተማሪዎቹ ጠርገው አጽድተውታል፣ ጎበዞች ስለሆኑ። ተንበርክኮ ቀኝ ትከሻውን ሥሩ አስገባ። ሁለተኛው ዘፈን አለቀ። ጭብጨባ። የእህቴ ባል መምህሩን በእጁ ሲጠራው መምህሩ፣ ተማሪዎቹ ዱላው የሚሉት፣ በያዛት ቀጭን ዱላ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ሂድ አለው። ዘበኛ ማን ይሰማል! ዱላዋ ወረደች። ስድሳ ሁለት እግር አንዴ ተመታ።

ሞራሌው ትከሻው ላይ ጮኸ። ሁለተኛ ተመታ። አንድ ነገር አንገቱ አጠገብ ሲቀደድ ተሰማው፤ እንጨት ይሁን ሥጋ አልለየም። በጣውላዎቹ መሃል ጣት የማታስገባ ክፍተት ነበረች፤ በዚያች ውስጥ የልጁ ጫማ ይታየዋል፣ ሶሉን ራሱ በሙጫ ያጣበቀው። አፉን ወደዚያች አስጠግቶ፣

"ልጄ፣ እግርሽን አታንሺ" አለ።

ጫማዋ ቆመ።

"አባዬ?"

"አትሩጪ። አጠገብሽ ላለችው ንገሪ። ማንም እግሩን እንዳያነሳ።"

መሃሉ ዝም አለ። ዝምታው እንደ ውሃ ወደ ዳር ሄደ። ዱላው ተቆጥቶ እጁን አወዛወዘ፤ የሚዘፍንለት የለም። ከዚያ ልጅቱ፣ ያቺ አባቷን "ዋሉ" ያለች ልጅ፣ በእንግዳው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት፣ "አባቴ ከሥራችን ነው! ከዳር ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ!" አለች። ወረዱ። አንድ በአንድ። ሚሊ ከሥር በእግር ኮቴ ይቆጥራል። ስድሳ አንድ ላይ ቆመ።

"ውረጂ።"

"አንተ ሳትወጣ አልወርድም።"

"እኔ የምወጣው አንቺ ስትወርጂ ነው፣ አንቺ ደረቅ!"

ወረደች። እግሯ መሬት ሳይነካ ሞራሌው ለሁለት ተሰበረ።

አራት ሰው ሆነው አወጡት። ቀኝ ክንዱ ከዚያን ቀን ወዲህ ከደረቱ በላይ አይነሳም። መላጊያ መግፋት አይችልም። ኮሚቴው የሕክምናውን ልክፈል ብሎ ሰብሳቢዋን ላከ፤ "ስድሳ ሁለት ልጅ በአንድ ክንድ አግኝቼ ደግሞ መልስ ልቀበል?" ብሎ መለሳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወርክሾፑ መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

"አባዬ፣ ራይት ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ። ልጠይቅህ ነበር የላኩኝ። ተኝተህ ነበር፣ አልቀሰቀስኩህም። አባቴን አውቀዋለሁ፣ ጥሩዎቹን ነው ምልክት የሚያደርግባቸው አልኳቸው።"

ሚሊ ጠመኔውን አስቀመጠ።

"የት አይተሽው ታውቂያለሽ ሰባራን?" አላት። "እዚህ ገብተሽ አታውቂም።"

ማልቀስ ጀመረች። "ምን ላድርግልህ? ምን ልክፈልህ?"

በግራ እጁ አግዳሚውን አሳያት። ላዩ የጣት አንጓ የሚያህል ሰጋቱራ ተኝቶበታል።

"እዚህ ቁጭ በይ" አላት። "ከነዩኒፎርምሽ።"

ቁጭ አለች። ሲመሽ አብረው በዋናው መንገድ ወደ ቤት ሄዱ፤ እሷም ቀሚሷን አላራገፈችም።