ሳጥኔን የበላው መኪና

ባሌ ያንን መኪና እንደ ልጁ ይወደው ነበር የሚሉ ዘመዶች ዛሬም አሉ። እኔ ልጅም እንደዚያ ሲወድ አላየሁትም። ነገሩ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። እሱ ሶዶ ላይ የኬላ ሹም ነበር፤ እኔ በሰማንያ ያገባኝ ሚስቱ። አንድ የውጭ አገር ነጋዴ ቦዲቲ አጠገብ ጭቃ ውስጥ ትቶት የሄደውን መኪና ባሌ በበሬ አስጎትቶ አመጣና ከጓሯችን እንሰት ሥር አቆመው። ሞተሩ ደህና ነበር። ውስጡን ግን ዝናብና አይጥ ተባብረው ጨርሰውታል። የወንበሩ ሽቦ ፈጦ ወጥቷል፤ የጣሪያው ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ከመሪው ፊት ያለው የእንጨት ሰሌዳ፣ በኋላ ጣሊያን መጥቶ ክሩስኮት ያስባለን፣ አብጦ ተሰንጥቋል።

«ለመስቀል፣ ደመራው ድረስ በዚህ ነው የምሄደው» አለ። ማን ይሠራልሃል ቢሉት «እኔው ራሴ» አለ። ሌላ ምን ሊል ይችላል? ከተማው ውስጥ ካለው ብቸኛ ኮርቻ ሰፊ ጋር ተጣልቶ ነበር። ያልተጣላው ማን አለ! ክረምቱን ሙሉ ከቢሮ ሲመለስ ካባውን ጥሎ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ መዶሻው ቷ ቷ ሲል ይመሻል። ለጣሪያው አቡጀዲ ገዝቶ በዱቄት ሙጫ ለጠፈ። በሦስተኛው ቀን ግማሹ ወርዶ አናቱ ላይ ተጠመጠመ። እኔ ደጅ ቆሜ ምስር ስለቅም አይቼ ሳቄን ዋጥኩ። ሳቄን መዋጥ የዚያ ቤት ዋና ሥራዬ ነበር።

በነሐሴ እህቴ ቦዲቲ ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩ። ስመለስ ቀሚሶቼ፣ ነጠላዎቼ፣ የሠርጌ ካባ ሳይቀር አልጋው ላይ ተከምረዋል። ሳጥኔ የለም።

ሳጥኑ የዋንዛ ነው፤ አባቴ ነው የሠራልኝ። አባቴ ከሰሜን ከወታደሩ ጋር የመጣ አናጢ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት ይሠራ ነበር። ሳጥኔን ሲሠራ ታሞ ስለነበር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ክዳኑ ላይ የቀረጸው መስቀል አንዱ ክንዱ ጠመም ያለው ለዚህ ነው። ልቅረፈው፣ እንደገና ላስተካክለው ሲል «ተወው፣ እንዲሁ ነው የምወደው» አልኩት። ሠርጌን አይቶ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ከእጁ የቀረኝ ያ ጠማማ መስቀል ብቻ ነበር።

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ባሌ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በጨርቅ ያሻል።

«ሳጥኔስ?» አልኩት።

«ይህን የመሰለ ዋንዛ በዚህ አገር ከየት ይገኛል? ለልብስ ማስቀመጫ መባከኑ ነው የገረመኝ።»

«አባቴ የሠራልኝ ነው እኮ! እንዴት ሳይጠይቁኝ?» ያኔ አንቱ እለው ነበር።

«ምን ታለቃቅሻለሽ? መስቀሉን አልነካሁትም። ወደ ውስጥ አዞርኩት እንጂ፣ ከኋላው አለልሽ። እንዲያውም መንገድ ላይ ይጠብቀናል።»

የሳጥኔ ክዳን ከመሪው ፊት ተገጥሟል። ፍጥነትና ነዳጅ ለሚያሳዩት ሰዓቶች ሁለት ክብ ቀዳዳ ፈልፍሎለታል። የሳጥኑ ጎንና ጎን ደግሞ የበሮቹ ልባስ ሆኗል። በብርጭቆ ስባሪ ፍቆ፣ በኑግ ዘይትና በሰም አሽቶ እንደ መስተዋት አብለጭልጮታል። ያምር ነበር። ማማሩ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ። አስቀያሚ አድርጎት ቢሆን ቢያንስ የምሰድበው አገኝ ነበር።

እሱ ቢሮ ሲሄድ ጠብቄ ከሰሌዳው ሥር እጄን ሰደድኩ። መስቀሉን በጣቴ ባገኘው ይበቃኝ ነበር። እጄ ግን ሽቦና ቆርቆሮ ብቻ ነካ። አለልሽ ብሏል፣ ይኖራል ብዬ ተውኩት። ለመስቀሉ ስል ሌላውን ሁሉ ቻልኩ።

የቀረው ወንበሩ ነበር። ቃጫ በጆንያ ጠቅጥቆ ሞላው፤ ከላይ የበሬ ቆዳ ወጥሮ በትልቅ የጆንያ መርፌ ሰፋው። ቆዳው ድርቅ ብሎ ሲቀመጡበት ስለሚያጓራ፣ ዕድሜ ልኩን የበቅሎ ኮርቻውን የሚያለሰልስበትን ዘዴ አመጣ። የመስቀል ሰሞን ነው፣ ቅቤ እንደ ልብ ነው። ለእንግዶቻችን ያስቀመጥኩትን የቅቤ ቅል አንሥቶ ወንበሩን ከጫፍ ጫፍ ቀባው። እየደጋገመ ቀባው። ውስጡ ያለው ቃጫ ሳይቀር ጠጣው።

«ኮርቻዎን እኮ ማታ ቤት አስገብተው ነው የሚሰቅሉት» አልኩት። «ይህን የት ሊሰቅሉት ነው?»

«አንቺ ስለ ወጥሽ አስቢ!» አለኝ። የመኪናው መስኮት መስተዋት እንደሌለውም ያውቃል፤ በአቡጀዲ ነው የጋረደው። እኔም ስለ ወጤ ማሰብ ጀመርኩ።

የደመራው ዕለት ጠዋት ቅርጫ የሚካፈሉ ጎረቤቶች ገና በሬው ሳይጣል ግቢያችን ተሰብስበዋል። የአገሩ ልጅ የሆነው ዘበኛችን ከጓሮ እየሮጠ መጣ።

«እሜቴ፣ ጅብ ገባ። መኪና ውስጥ ገባ። ወንበር ሁሉ በላች!»

ሄደን አየን። የወንበሩ ቆዳ የለም። ቃጫው እንደ ሽማግሌ ጺም ከመኪናው እስከ እንሰቱ ተበትኗል፤ ሽቦው እንደገና ፈጧል። አቡጀዲው ላይ የጥርስ ዱካ አለ። ክዳኔን ብቻ አልነካውም። ክረምቱን ሙሉ የዋጥኩት ሳቅ ያኔ አመለጠኝ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ጎረቤቶቹም ጀመራቸው።

ባሌ ዞሮ አየኝ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ጣቱን ቀስሮ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ይህች ናት!» አለ። «የአናጢ ዘር፣ ቡዳ! ሌሊት ወጥታ የበላችው እሷ ናት!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ቡዳ ጅብ ሆኖ ያድራል በሚባልበት አገር ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ቃል አይደለም። አጠገቤ የቆመችው ጎረቤቴ፣ ትናንት ከእኔ ጋር ቅቤ ያነጠረችው፣ ያዘለችውን ልጅ ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ባሌ ካለው ይልቅ ያ ነጠላ ነው ያቃጠለኝ።

«ክረምቱን በሙሉ መላጊያና መዶሻ የጨበጥከው አንተ ነህ» አልኩት። «የእጅ ሠራተኛ ቡዳ ከሆነ ቡዳው አንተ ነህ!» አንቱታዬን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነሳሁት። ልብሴን በአንሶላ ቋጥሬ እናቴ ቤት ገባሁ።

ሽማግሌዎች የመጡት ዝናቡ ጨርሶ ከቆመ በኋላ ነው። ሦስት ነበሩ፤ ነገሩን የሚመሩት የሁሉም ታላቅ የሆኑት፣ አባቴን የሚያውቁት አዛውንት ናቸው። እኔን ቀድመው ለብቻዬ አናገሩኝ። «ልጄ፣ ተፋትተሽ ከወጣሽ ያ ስም ተከትሎሽ ይወጣል። ታርቀሽ ከገባሽ የባልና ሚስት ጠብ ነበር ተብሎ ይረሳል።» እውነታቸውን ነበር። እናቴ ቤት ከገባሁ ወዲህ ገበያ ላይ ከእኔ ጎመን የሚገዛ ጠፍቶ ነበር። ባሌን አልወደውም፤ ስሙን ግን ከራሴ ላይ ማውረድ እፈልግ ነበር።

«የአባቴን መስቀል ያሳየኝ» አልኳቸው። «ካለ፣ ዛሬውኑ እገባለሁ። ክዳኑ መኪናው ላይ ይቅር፣ የሰደበኝም ይቅር።»

ተያይዘን ሄድን። ባሌ አዲስ ቆዳ ወጥሮ ጠበቀን፤ ይህኛውን ቅቤ አልቀባውም። አዛውንቱ የጠየቅሁትን ነገሩት።

«ማርያምን፣ አልነካሁትም!» አለ። «ከኋላው አለ። ለሴት ነገር ብዬ ግን መኪና አላፈርስም። ሽቦው ይበጠሳል።»

«መስቀል ለማየት ነው እኮ ልጄ» አሉት። «ምለሃል። ፍታላት እንግዲህ።»

ንቅንቅ አላለም። ካቻቢቴው ወንበሩ ሥር እንዳለ አውቃለሁ፤ ክረምቱን ሙሉ አቀብዬዋለሁ። አውጥቼ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። አንዱ እንቢ ሲለኝ እሱ አጠገቤ ቆሞ ያያል፤ ዘበኛው መጥቶ ያዘልኝ። ሰዓቶቹ ከነሽቦአቸው ተንጠልጥለው ቀሩ፤ ሰሌዳው እጄ ላይ ወጣ። ከማገላበጤ በፊት ቀና ብዬ አየሁት። «እሺ፣ ተይው፣ አጥፍቻለሁ» ቢለኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ እንጃ። ወደ እንሰቱ ነው የሚያየው።

ገለበጥኩት። ምንም የለበትም።

ክዳኑ ወፍራም ስለሆነ ሰዓቶቹ አልገባ ብለውት የመስቀሉን ጎን በመላጊያ ልጎ አሳስቶታል። ይህ እንኳ ይሁን። ግን እዚያ አላቆመም። ማንም የማያየውን ያንን ጎን በብርጭቆ ፍቆታል፣ በኑግ ዘይት አሽቶታል፣ በሰም ወልውሎታል። ክንዱ የጠመመበትን ቦታ በጣቴ ፈለግሁ። ጣቴ እየተንሸራተተ ወደ ቀዳዳው ገባ።

አዛውንቱ ሰሌዳውን ተቀብለውኝ በአውራ ጣታቸው አሹት። ብርሃን ላይ አዘነበሉት። ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው «ሰማንያውን እናፍርስ» አሉ።

«ክዳንሽን ውሰጂ፣ ያንቺ ነው» አሉኝ መልሰው።

ተቀበልኳቸውና አዲሱ ወንበር ላይ ጣልኩለት። የአባቴ ሥራ ምንም አልቀረበትም ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር የእሱ ብቻ ሥራ ነበር።